«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

1. አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ነበር። ዛሬ የቆዳውም፣ የዓይኑም፣ የአደጋውም ታካሚ ሆስፒታሉ ወዳለበት ወደ ዘነበወርቅ ይመጣል። ሦስት ሐኪም፣ ሦስት ማዘዣ። ፌስታሉ አንድ ነው።

2. ፋርማሲስቷ እንቅልፍ የሚያመጣውን ዳያዜፓም ከመስጠቷ በፊት ትጠይቃለች፦ «አባባ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»
«ኧረ ምንም የለም ልጄ።»
ብር ሊያወጡ እጃቸውን ኪሳቸው ሲከቱ ኦሚፕራዞል አብሮ ወጣ።
«ይሄ እኮ የጨጓራ ነው።»
ኦሚፕራዞል ዳያዜፓም ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል።

3. ዳያዜፓም ማታ ተውጦ «ጠዋት ለቆኛል» ይባላል። በደም ውስጥ ግን ለቀናት ይቆያል፤ ከመጠጥም ጋር አይስማማም። «መጠጥ በአፌ አይዞርም» ያለው ሰው እሑድ ማኅበር ላይ ጠላ ተቀድቶለታል። ጠላን ማን መጠጥ አለው?

4. ከሰዓት ጫት፣ ማታ መርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ጨብሲው አልበቃ ሲል ኪኒን። ሐኪም ፊት ሲቀርብ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብቻ ይላል። ስለ ጫቱ አያነሳም። ሐኪሙም አይጠይቅም።

5. ዳያዜፓም ያለ ልዩ ማዘዣ አይሸጥም። ጎረቤት ግን ማዘዣ አይጠይቅም።

6. እንደ ትራማዶል ያለ የሕመም ማስታገሻ ከዳያዜፓም ጋር ሲወሰድ ትንፋሽ ሊያቋርጥ ይችላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ማስጠንቀቂያ በሳጥን ተከብቦ እንዲጻፍ አዘዘ። እኛ ጋ ኪኒኑ በስትሪፕ ተቆርጦ ይሸጣል። ወረቀቱ ከካርቶኑ ጋር መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

7. አንዲት አሮጊት ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን ታዞላቸዋል፤ እንቅልፍም ያመጣል። ጉንፋን ሲይዛቸው ክሎርፌኒራሚን ጨመሩበት። እሱም እንቅልፍ ያመጣል። አፋቸው ደረቀ፣ ሽንት ከለከላቸው፣ ሌሊት ተነሥተው የቤታቸው በር ጠፋባቸው። ልጆቻቸው «እርጅና ነው» አሉ።

8. የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል። ይህ አስቀድሞ ስለሚነገር ታካሚው አይደነግጥም። ያው ሪፋምፒሲን ጉበትን አነቃቅቶ ዳያዜፓምን ቶሎ ከሰውነት ያስወጣል። ይህ በሽንት አይታይም። ታካሚው «አንዱ አልያዘኝም» ብሎ ሁለት ያደርጋል። በ6 ወሩ የቲቢው ሕክምና ያበቃል። ጉበቱ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ አሠራሩ ይመለሳል። ኪኒኑ ሁለት እንደሆነ ይቀጥላል።