የሹዋሊድ ዕለት በሐረር



ሐረሪዎች ከረመዳን በኋላ የሸዋልን ስድስት ቀናት ጾመው ሲጨርሱ የሚያከብሩት በዓል ሹዋሊድ ይባላል። የከተማዋ የራሷ በዓል ሲሆን በ2016 ዓ.ም ኅዳር ወር በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እኔም ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከድሬዳዋ በማለዳ ተነሣሁ። የደንገጎን ዳገት ወጥተን፣ አወዳይን አልፈን ገና ረፋድ ላይ ሐረር ገባን።

ጀጎል በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት የታጠረ ግንብ ነው። በውስጡ 82 መስጂዶች እንዳሉ ተመዝግቧል። በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከጥንቶቹ አምስት በሮች በአንዱ ገብተን መጀመሪያ ያየነው ለጎብኚ የተዘጋጀ የሐረሪ ቤት ነው። ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ለእያንዳንዱ እንደየማዕረጉ ቦታ ይሰጣሉ። ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል። ታናሹ ልጄ ከፍተኛው ነደባ ላይ ሊወጣ ሲል እናቱ እጁን ይዛ፣ «እሱ የትልቅ ሰው ነው» አለችው።

ከዚያ ራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ቤት አመራን። የሸሪፍ ሙዚየም ያለው እዚያ ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በራሳቸው ገንዘብ፣ በገዛ ቤታቸው የጀመሩት ስብስብ ነው። ሐረር በስሟ ያስቀረጸቻቸው ሳንቲሞች፣ ሰይፎች፣ ጌጣጌጦች ሞልተውበታል። ከሁሉም በላይ ግን ኪታቦቹ ናቸው። በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችና የፊቅህ ኪታቦች፣ በቆዳ የተደጎሱ። አቶ አብዱላሂ የጥንቱን የድጉሰት ሙያ ተምረው የተበጣጠሱትን እየጠገኑ አትርፈዋቸዋል።

የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ አንዱን ቁርኣን ትኩር ብላ አይታ፣ «አባ፣ ያንተ አያትም ይጽፉ ነበር አላልከኝም? የሳቸው የት አለ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? አያቴ ወሎ ውስጥ ደረሳ ያስቀሩ ነበር። በእጃቸው የገለበጡት ኪታብ በቆዳ ማኅደር ሆኖ ከአባቴ ራስጌ ተሰቅሎ ነው ያደግሁት። አባቴ ሲሞቱ እኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ መጣና ጠየቀኝ፤ ሸጥኩለት። ገንዘቡ አንድ መንፈቅ እንኳ አላቆየኝም። መድረሳም ዘመናዊ ትምህርት ቤትም የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አላወቅሁም ብዬ ማመካኘት አልችልም። ለልጄ፣ «ሸጥኩት» አልኳት። ምንም አልመለሰችም።

ዙህርን በጃሚዕ መስጂድ ሰግደን ከግንቡ ውጭ ወዳለው የአንድ ወዳጄ አትክልት ቦታ ወረድን። ቡናው፣ ማንጎው፣ ብርቱካኑ ተቀላቅሎ የበቀለበት ነው። ባለቤቱ ጥላ ሥር አንጥፎልን ከቡና ቅጠል የተፈላ ቁቲ አቀረበልን። የሆዴን ባጫውተው አንድ ትልቅ ማንጎ አሳየኝና፣ «ይህን የተከሉት አያቴ ናቸው። ለእንጨት ልግዛህ ያለኝ ብዙ ነው። ብሸጠው ጥላው ለማን ይቀራል?» አለኝ።

ማታ በሹዋሊድ ዚክርና ድቤ መካከል ልጄ እጄን ይዛ፣ «አክስቴ ቤትስ የቀረ የለም?» አለች። እውነትም እህቴ ዘንድ ከሌላ ኪታብ የተረፉ ጥቂት ቅጠሎች በጨርቅ ተጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አሉ። ለክረምት ዕረፍት ወሎ ሄደን ልናያቸው ተስማማን፣ ኢንሻአላህ።

ውድ ወላጆች! በቤታችሁ አሮጌ ኪታብ ካለ ከእርጥበትና ከምስጥ ጠብቁት፤ ማን እንደጻፈው ለልጆቻችሁ ንገሩ። ነጋዴ ሲመጣ ደግሞ ከመሸጣችሁ በፊት ልጆቻችሁን ጠይቁ። እኔ የሚጠይቀኝ ልጅ ያኔ አልነበረኝም። አላህ የቀረውን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።