ማናደድ ወንጀል ሲሆን

እንግሊዝኛ ሰውን ለማስቀየም ብዙ ቃል አለው። «አኖያንስ» ማናደድ ነው፣ «ኢንሰልት» ስድብ፣ «ሃራስመንት» ደግሞ እየተከታተሉ ማስጨነቅ። በወሬ መሃል ቢቀያየሩ ችግር የለውም፤ ሕግ ውስጥ ሲገቡ ግን ሰው ያሳስራሉ።

በሕንድ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሕግ አንቀጽ 66ኤ፣ ለማናደድ የተላከ የኤሌክትሮኒክ መልእክት እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ፖለቲከኛ ስለሞተ ሙምባይ ለምን ተዘጋች ብላ ፌስቡክ ላይ የጻፈች ወጣት ታሰረች፤ ጽሑፉን «ላይክ» ያደረገች ጓደኛዋም አልተረፈች።

በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንቀጹን ሻረው። አንዱን የሚያናድድ ነገር ሌላውን ላያናድድ ይችላልና ቃሉ ወሰን የለውም አለ።

እውነት ነው። ዛቻ በማስረጃ ይጣራል። የንዴት ልክ ግን ያለው በተናደደው ሰው እጅ ነው፤ የተናደደው ባለሥልጣን ከሆነ ደግሞ የእስር ቤቱም ቁልፍ እሱ ጋ ነው።