የተጋገረ እንጀራና የሰው ቤት ወጥ

ባለፈው ዕረፍት እኛ ጥቂት የቋንቋ ተማሪዎች አንድ ፍላሽ ዲስክ ይዘን ከሰመራ በሚሌ በኩል ወደ ጭፍራ ተጓዝን። በፍላሹ ውስጥ የነበረው ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ የመዝገበ ቃላት ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ይጠቅማል በማለት በራሳችን ኮምፒውተር ኮምፓይል አድርገን፣ ተሠርቶ ያለቀውን ብቻ ያዝን።

ተማሪዎቹ ከበውን ቆመው ሳለ ፕሮግራሙን ከፈትነው። መልሱ አንድ መስመር ሆነ፤ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» የሚል። ደጋግመን ሞከርን፤ ያው ነው። ላብ አጠመቀን፤ ጥፋቱ ግን የጭፍራ ፀሐይ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላይብረሪ ስንል መጻሕፍት የሚደረደሩበትን ቤት ማለታችን አይደለም፤ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ሥራ ስብስብ ነው እንጂ። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ማሽኖች ዘንድ ዋነኛው ጂሊብሲ ይባላል። የፕሮግራሙን ምንጭ ይዞ የሚሄድ ሰው ዱቄት እንደያዘ መንገደኛ ነው፤ በደረሰበት ምጣድ ይጋግራል። ተሠርቶ ያለቀውን የያዘ ግን እንጀራውን ጋግሮ፣ ወጡን ከሰው ቤት አገኛለሁ ብሎ የተነሣ ነው። የኛ ኮምፒውተር ኡቡንቱ 22.04 ነበርና ጂሊብሲው 2.35 ነው፤ የትምህርት ቤቱ ኡቡንቱ 18.04 ሲሆን ያለው 2.27 ነው። ፕሮግራማችን ከሚጠቀምባቸው ክፍሎች አዲሱ በ2.34 የመጣ ስለ ነበረ ይህንኑ ጠየቀ። በአሮጌው ላይ የተሠራ በአዲሱ ላይ ይሄዳል፤ በአዲሱ የተሠራ ግን በአሮጌው ላይ ለመሄዱ ዋስ የለውም። ታዲያ ጂሊብሲውን ብቻ ለምን አትለውጡትም? ቢባል፣ የማሽኑ ፕሮግራሞች ሁሉ ለማለት ይቻላል በርሱ ላይ የቆሙ ናቸውና ምሰሶ ነቅሎ ጣራ እንደ መጠገን ይሆናል።

መምህሩ አሮጌውን ማሽን እያጠፉ፣ «ልጆች፣ ከመምጣታችሁ በፊት እኛ ዘንድ ምን እንዳለ ብትጠይቁን ምን ነበረበት?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ከተመለስን በኋላ መፍትሔው ሁለት ዓይነት መሆኑን ተረዳን። አንደኛው ወጡንም አብሮ መያዝ፣ ማለትም ላይብረሪውን ከፕሮግራሙ ጋር ማዋሐድ ነው፤ ፍትፍት መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ሸክሙ ይከብዳል፤ በላይብረሪው ላይ ጉድለት የተገኘ ዕለትም ፍትፍቱ በሙሉ እንደገና መሠራት አለበት። ሁለተኛው በአሮጌው ሲስተም ላይ መሥራት ነው። የፓይተን ሰዎች ይህን ቀድመውን ዐውቀውታል፤ ሜኒሊኑክስ 2014 የተባለው ስምምነታቸው የተለካው በጂሊብሲ 2.17 ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የወጣ ነው። እኛም በ18.04 ላይ እንደገና ሠርተን ፍላሹን በሚኒባስ ሾፌር እጅ ላክን። ሠራ።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነገሩ የኮምፒውተር ብቻ አይመስለንም። ለሕዝብ እንሠራለን ስንል ሥራችንን የምንለካው በራሳችን ጠረጴዛ ላይ ባለው አዲስ ማሽን ነው፤ የሚፈተነው ግን በጭፍራው አሮጌ ማሽን ላይ ነው። በመጪው ዕረፍት የምትሄዱ ሁሉ፣ ፍላሹን ከመሙላታችሁ በፊት ደውላችሁ «እናንተ ዘንድ ያለው ስንት ነው?» በሉ። እኛ ይህን ባለመጠየቃችን ያን ያህል ተማሪ በከንቱ አስቆምን።