የኳስ ወሬና የጎረቤት ስም

አንባቢ ሆይ፤ እኛ ከአርት ፋኩልቲ የተላክን ሦስት ተማሪዎች በኒውዮርክ ስቴት በምትገኘው በቡፋሎ ከተማ አንድ የትምህርት ዓመት ቆይተን ተመልሰናል። ከተመለስን ወዲህ ያገኘን ሁሉ የሚጠይቀን ስለ ናያጋራ ፏፏቴና ስለ በረዶው ነው። ፏፏቴውን አይተነዋል፤ በረዶውም እኛን አይቶናል። ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው ግን ስለ ሁለቱም አይደለም። የከተማው ሰው ጧትና ማታ ስለሚያወራው የኳስ ወሬና ያንን ወሬ በመናቃችን ስላገኘን ኀፍረት ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቡፋሎ በኤሪ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ1950 የሕዝቧ ቍጥር 580,000 ደርሶ ነበር፤ በ2020 በተደረገው ቆጠራ ግን 278,000 ያህል ብቻ ተገኘ። «ያ ሁሉ ሰው ወዴት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ወደ ወንዙ ዳር ይውረድ። በ1959 የሴንት ሎረንስ የመርከብ መንገድ ሲከፈት እህል የጫኑት መርከቦች ቡፋሎን እየተዉ ማለፍ ጀመሩ፤ ከረጃጅሞቹ የእህል ጎተራዎችም ብዙዎቹ ባዶአቸውን ቀሩ። በ1983 ደግሞ በአጠገቧ በላካዋና የነበረው ታላቁ የቤተልሔም ብረት ፋብሪካ አብዛኛውን ሥራውን አቆመ፤ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛም ሜዳ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ስቴት ያልሄደ ዘመድ ያለው የቡፋሎ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁሉም ሲሄድ ሳይሄድ የቀረው የኳስ ቡድኑ ነው። ቢልስ ይባላል፤ የተቋቋመውም በ1960 ነው። ጨዋታውን እግር ኳስ ይሉታል እንጂ ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ በአብዛኛው የሚያዘው በእጅ ነው። ይህ ቡድን ከ1991 እስከ 1994 በተከታታይ አራት ዓመት ለታላቁ ዋንጫ፣ ለሱፐር ቦል ቀርቦ አራቱንም ጊዜ ተሸነፈ። በሌላ ቦታ እንዲህ ያለው ነገር ይደበቃል፤ በቡፋሎ ግን ያኔ ያልተወለደው ልጅ እንኳ ታሪኩን በቃሉ ያወርደዋል።

ገና እንደ ደረስን ያስገረመን ይህ ነው። አውቶቡስ ነጂው፣ የሱቅ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ፣ ሁሉም ሲለያዩ «ደኅና ዋል» በማለት ፈንታ «ጎ ቢልስ» ይባባላሉ። ሰኞ ጧት ራዲዮ ሲከፈት አንዱ ከቼክቶዋጋ፣ ሌላው ከላካዋና፣ ሌላው ከቶናዋንዳ እየደወለ ስሙንና ሰፈሩን ይናገርና አሠልጣኙን ይወቅሳል። ከጨዋታ በፊትም በሜዳው ዙሪያ ባለው የመኪና ማቆሚያ ሥጋ እየጠበሱ ከቆዩ በኋላ፣ ጎልማሳው ሳይቀር ከከፍታ ላይ ዘሎ የሚታጠፍ ጠረጴዛ በጀርባው ይሰብራል። ጠረጴዛው ምን እንዳደረገው የሚያስረዳን አላገኘንም።

እኛ ደግሞ እንደምታውቁን ፍልስፍና ጀምረናል፤ ሶሲዮሎጂም ቀምሰናል። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፍርዳችንን ሰጠን። «ይህ ሕዝብ ፋብሪካው ሲዘጋበት በለውጡ ኳስ ተሰጠው» አልን። ንግግሩ ደስ ስላለን በየክፍሉ ደጋገምነው፤ አንድ ፕሮፌሰርም ራሳቸውን ነቀነቁልን።

የተከራየነው ቤት በዚያ ከተማ እንደሚበዙት ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት ነበር። ከላይ እኛ፣ ከታች ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖራሉ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ስንገባ ባዩን ቍጥር «ልጆች፣ የትናንቱን አያችሁ?» ይሉናል። እኛም «አላየንም፤ ፈተና አለብን» እንልና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልን እንወጣለን። እርስ በርሳችን ስናወራ «ጋሽ ኳሴ» የሚል ስም አወጣንላቸው። እሳቸው የሦስታችንንም ስም ጠይቀው፣ አንዱን በትክክል ለመጥራት ምላሳቸውን እያስቸገሩ አጥንተውታል። የእሳቸውን ስም የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

በኖቬምበር 2023 መጨረሻ፣ ቢልስ በፊላደልፊያ በተጨማሪ ሰዓት 37 ለ34 የተሸነፈበት እሑድ ነበር። ማታ ከታች የስፖርቱ ራዲዮ ሲጮኽ ሰማን። ተኛን፤ ራዲዮው አልተኛም። ሰኞ ስንነሣ ያወራል፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስም ያወራል። ለማክሰኞ የምናስረክበው ጽሑፍ ነበረብንና ሰኞ ሌሊት ትዕግሥታችን አለቀ። ከመካከላችን አንዱ የመጥረጊያውን እንጨት አንሥቶ ወለሉን ሦስት ጊዜ ደበደበ። ራዲዮው እንደ ሆነ ቀጠለ። «ሽማግሌው ንቀውናል» ብለን ጆሯችንን በጥጥ ደፍነን ጻፍን። ጽሑፉ ስለ ምን ነበር ብትሉ፣ በከተማ ኑሮ ውስጥ የሰው ብቸኝነት ስለሚባለው ነገር ነበር።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በራችን ተንኳኳ። ከፍተን ብናይ ሽርጡን ያላወለቀ የጠጕር አስተካካይ ወጣት ቆሟል።

«ከታች ያሉት ሽማግሌ ዛሬ አልመጡም» አለን። «በየማክሰኞው ነው የሚመጡት። ቡድኑ ተሸንፎ ደግሞ እሳቸው የሚቀሩ ሰው አይደሉም። ደኅና ናቸው?»

ሽማግሌው መላጣ መሆናቸውን ስለምናውቅ ሳቃችን መጣ። «መኖራቸውንስ ደኅና አድርገን እናውቃለን፤ ራዲዮአቸው ሁለት ሌሊት አላስተኛንም» አልነው።

ወጣቱ አልሳቀም። «ሁለት ሌሊት?» አለና ደረጃውን በሩጫ ወረደ።

በማድ ቤቱ መስኮት አጮልቆ ሲያይ ወለሉ ላይ ተዘርግተው አገኛቸው። እሑድ ማታ ጨዋታው አልቆ ከወንበር ሲነሡ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል፤ ስልካቸው ከጠረጴዛው ላይ ነው፤ ድምፃቸውም ከራዲዮው ሊበልጥ አልቻለም። አምቡላንስ መጣ። ከሠራተኞቹ አንዷ ወደ እኛ ዞራ «ጎረቤቶች ናችሁ? ስማቸው ማን ነው? የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ዘመድ የት አላቸው?» ስትል ጠየቀችን። ሦስታችን ተያየን። በአፋችን የነበረው ስም «ጋሽ ኳሴ» የሚለው ብቻ ነበር። ሁሉንም የመለሰላት የጠጕር አስተካካዩ ልጅ ነው፤ ስማቸውን፣ የደም ግፊት ክኒናቸውን፣ ሴት ልጃቸው በኖርዝ ካሮላይና መኖሯንና ስልኳን ሳይቀር።

ለመጠየቅ ሆስፒታል ስንሄድ ምን እንደምንል አናውቅም ነበር። እሳቸው ቀደሙንና «እንደ እኔ ያለ ደጋፊ የለም፤ ሽንፈቱን ሁለት ቀን ሙሉ ወለል ላይ ተኝቼ አዳመጥሁት» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም ቀስ ብለው «እንጨቱን ሰምቼዋለሁ። ልመልስላችሁ ፈልጌ ነበር» አሉን። ያን ጊዜ የተሰማንን እዚህ ልንጽፈው አንችልም። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ አንዳችን «ጨዋታውን አላየነውም፤ ይንገሩን» አለ።

ነገሩን። ከፊላደልፊያው ጀመሩና እስከ 1991 ወደ ኋላ ሄዱ። በዚያ ዓመት በጃኑዋሪ 27 ቢልስ ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር ተጫውቶ 20 ለ19 እየተመራ ስምንት ሴኮንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ስኮት ኖርውድ የተባለው ተጫዋች ኳሷን ከ47 ያርድ መታት፤ ኳሷም ከምሰሶዎቹ በስተ ቀኝ አለፈች። ሽማግሌው ያን ዕለት አብረዋቸው ተቀምጠው ያዩትን የብረት ፋብሪካ ጓደኞቻቸውን አንድ በአንድ ስማቸውን ጠሩልን። ይህ ወደ ቴክሳስ ሄደ፤ ይህ በሳንባ ሞተ፤ ይህ ዛሬም በገና ይደውላል አሉ። እኛ የኳስ ታሪክ የምንሰማ መስሎን ነበር፤ የሰዎች መዝገብ ኖሯል።

በማግሥቱ በናያጋራ አደባባይ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መሰብሰቡንም ነገሩን። ሕዝቡ የወጣው ኖርውድን ሊረግም አይደለም። ስሙን እየጠራ «እሱን እንፈልጋለን» እያለ ጮኸ፤ ሰውየውም ወጥቶ ሲናገር በጭብጨባ ተቀበለው። ኳሷን የሳተው ሰው እንዲህ የተደረገለት ከተማ እኛ ሌላ አናውቅም።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው በምርኩዝ መሄድ ሲጀምሩ በየማክሰኞው ወደ ጠጕር አስተካካዩ ቤት የምናደርሳቸው እኛ ሆንን። እዚያ ተቀምጠን ስናዳምጥ ብዙ ተማርን። በ2017 የመጨረሻ ቀን የሲንሲናቲው ተጫዋች አንዲ ዳልተን በሌላ ጨዋታ በወረወረው ኳስ ምክንያት ቢልስ ከ17 ዓመት በኋላ ለጥሎ ማለፍ በቃ። የቡፋሎ ሰው ምስጋናውን የገለጸው ሰውየው ለታመሙ ልጆች ላቋቋመው የርዳታ ድርጅት ገንዘብ በመላክ ነው፤ ብዙው 17 17 ዶላር ላከ። በጃኑዋሪ 2023 የቢልሱ ዳማር ሃምሊን በሲንሲናቲ ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ በወደቀ ጊዜ፣ ለልጆች መጫወቻ መግዣ 2,500 ዶላር ለማግኘት አስቦ የከፈተው መዋጮ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በዲሴምበር 2022 በወረደው የበረዶ ማዕበል በከተማውና በአካባቢው ከ40 የሚበልጥ ሰው ሲሞት፣ አንድ ጠጕር አስተካካይ ሱቁን ከፍቶ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎችን አሳድሯል። ይህን ሁሉ ስንሰማ አንዳችን «የእነዚህ ሰዎች እድር የኳስ ወሬ ነው» አለ። እኛም ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘንም። ያልመጣውን የሚቆጥር፣ ስሙን የሚያውቅ፣ ሰው ልኮ የሚያስጠይቅ፣ ይኸው አይደለምን?

ዳሩ ግን እድር ለቅሶ መድረስን እንጂ ሟቹ ለምን እንደ ሞተ መጠየቅን ሁልጊዜ አያውቅም። እኛም የመጀመሪያውን ፍርዳችንን ጨርሰን አልጣልነውም። በ2022 ለአዲሱ የቢልስ ሜዳ ከሕዝብ ገንዘብ 850 ሚሊዮን ዶላር እንዲወጣ ተስማሙ፤ 600ው ከስቴቱ፣ 250ው ከኤሪ ካውንቲ ነው። በዚያው ዓመት በሜይ 14 በጄፈርሰን ጎዳና ባለው የምግብ ገበያ አንድ ነጭ ወጣት በዘር ጥላቻ ተነሣሥቶ አሥር ጥቁሮችን ገደለ። በዚያ በኩል ላለው ሰፈር ያ ገበያ አንድ ለእናቱ ነበረና፣ ለምርመራ በተዘጋ ጊዜ ሰዉ ሐዘኑ ሳይበርድ የሚሸምትበት አጣ። በጠጕር አስተካካዩ ቤት ይህን ሁለቱን አንድ ላይ አንሥተው ሲከራከሩ ሰምተናል። አንዱ «ለሜዳው የተገኘው ገንዘብ ለእኛ ሰፈር ለምን ጠፋ?» ይላል። ሌላው «ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ ምን ይቀረናል?» ይላል። ሽማግሌው ደግሞ «ፋብሪካውም እንደሚሄድ ሲያስፈራራን እንዲሁ እሺ እንል ነበር፤ በኋላም ሄደ» አሉ። ከዚያ ሁሉም ዝም አሉና ትንሽ ቆይተው ስለ እሑዱ ጨዋታ ቀጠሉ።

እንግዲህ ሰዎቹ ያልገባቸው ነገር አልነበረም። በክፍል ውስጥ የተራቀቅንበትን ጥያቄ እነሱ ከእኛ በፊት ጠይቀውታል፤ ዕዳውንም የከፈሉት እነሱ ናቸው። በኳስ የተሳሰሩትን ያህል በቀረው ነገር ገና አልተሳሰሩ ይሆናል። ነገር ግን ከምንም የሌለው ሰው ምን ጊዜም አይጀምርም፤ እነሱ ግን የሚጀምሩበት አላቸው። እኛ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነን የጎረቤታችንን ስም ሳናውቅ ስለ ሰው ብቸኝነት ስምንት ገጽ ጻፍን፤ ጥሩ ማርክም አገኘንበት። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ ደግመን አላነበብነውም።

ሰው ለመናገር የሚፈልገውን ሁሉ በቀጥታ አይናገርም። «የትናንቱን አያችሁ?» የሚለው ጥያቄ «ደኅና አደራችሁ? እኔም እዚህ አለሁ» ማለት መሆኑን ለመረዳት አንድ የተሰበረ አጥንት አስፈለገን። ይህን የምንጽፈው ሌላ ሰው በቀላል ዋጋ እንዲማረው ብለን ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲያችን በተመለስን በሦስተኛው ቀን የዶርሚተሩን ዘበኛ ስማቸውን ጠየቅናቸው። ከመሄዳችን በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በር ሲከፍቱልን የኖሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን ነገሩንና የእኛን ልንነግራቸው ስንል «የእናንተንስ አውቃለሁ» ብለው የሦስታችንንም ከነአባታችን ጠሩት። ቡናን ይደግፉ ወይም ጊዮርጊስን ገና አልጠየቅናቸውም፤ ሰኞ ጧት እንጠይቃቸዋለን።