የተሸነፍንበት ጨዋታ

ዛሬ ስለ ሽንፈታችን እንንገራችሁ።

የምናስተምረው ጎሬ አጠገብ ነው። አንድ ቅዳሜ ለቼዝ ውድድር ወደ መቱ ወረድን። በውድድር ላይ ተጫዋቾች እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት ይጽፋሉ። እኛም ጻፍን። ግን በ4ኛው እርምጃ ንጉሣችን መሸሻ አጣ። ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች፣ አንድ ጀበና ቡና ሳይፈላ ተሸነፍን! በጣም አፈርን።

"ለተማሪዎቻችን አንናገርም" ተባባልን። ሰኞ ማታ ግን አንድ አዛውንት ተማሪያችን "ልጆቼ፣ እንዴት ሆናችሁ?" አሉን። መዋሸት አቃተን። ወረቀቱን አወጣን።

የቼዝ ገበታ 8 በ8 ነው፤ 64 ቤት አለው። ገበታውን መሬት ላይ ሠራን። ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ብለን ጻፍን። ወደ ላይ ከ1 እስከ 8 ቆጠርን። የመጀመሪያዎቹ 8 ፊደላት በቁ! የየጠጠሩንም አካሄድ አስረዳን። ጥቁሮቹ እኛ ነበርን።

1. ነጭ ወታደር ሠ4፤ ጥቁር ወታደር ሠ5።
2. ነጭ ንግሥት ሸ5፤ ጥቁር ፈረስ ሐ6።
3. ነጭ ቢሾፕ ሐ4፤ ጥቁር ፈረስ ረ6።
4. ነጭ ንግሥት ረ7 ላይ ያለውን ወታደር በላች። ጨዋታው አለቀ።

አዛውንቱ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። 3ኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ንግሥቲቱም ቢሾፑም የሚያዩት ረ7ን ነው። እሷን የሚጠብቅ ንጉሡ ብቻ ነው። ፈረሱን ትታችሁ ይህን ትንሽ ወታደር ሰ6 ላይ ብታቆሙት፣ የንግሥቲቱ መንገድ አይዘጋም ነበር?"

እውነታቸውን ነው። ይዘጋ ነበር።

የጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ አከፋፈቱ ሌላ ነበር። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠበቅም። አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያሰልፋሉ። ይህም ወረራ ይባላል። ተራ የሌለውን እርምጃ ጽፎ መያዝ ያስቸግራል። የእኛ ሽንፈት ግን በ4 መስመር ተጽፎ ስለ ነበር ስሕተቱ ተገኘ።

አዛውንቱ ደብተራቸውን ገለጡ። "እንግዲህ እኔም የቡና ሽያጬን እንዲህ በተራ እጽፋለሁ። ስንት ኪሎ፣ በስንት ብር፣ በየትኛው ቀን። የት ላይ እንደ ተጎዳሁ አየዋለሁ" አሉ።

የዚያን ማታ አስተማሪው እሳቸው ነበሩ።