የጭርት ኪኒንና የልቤ ቫልቭ

በልጅነቴ ቶንሲል ይመላለስብኝ ነበር፤ ያ ሕመም ውሎ አድሮ ልቤን ጎዳው። ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ በቀዶ ሕክምና የሚትራል ቫልቬ ተለውጦ የብረት ቫልቭ ገባልኝ። የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ደሙ ቫልቩ ላይ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። መጠኑ የሚታወቀው አይኤንአር በሚባለው የደም ምርመራ ነው። ዋርፋሪን የማይወስድ ጤነኛ ሰው አይኤንአር 1 አካባቢ ይሆናል፤ የእኔ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚያ ከወረደ ደሜ ይረጋል፣ ካለፈ ይፈሳል። ለዓመታት በዚሁ ልክ በሰላም ኖሬያለሁ።

ከዚያ ወገቤና ጭኔ ላይ ጭርት ወጣ። በቅባት አልለቅ ብሎ ሲሰፋ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ቫልቬ መቀየሩንም፣ ዋርፋሪን መውሰዴንም ተናገርኩ፤ የመከታተያ ደብተሬንም አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። የገለጠው የለም። ባለ150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል በሳምንት አንድ ፍሬ እንድወስድ ታዘዘልኝ። መድኃኒት ቤትም ወረፋው ረጅም ነበር፤ አወሳሰዱ ተነገረኝና ወጣሁ።

መጀመሪያ የደማው ድዴ ነው። ጥርሴን ስፋቅ ደም አየሁ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ አልቆም አለ። ቀጥሎ ክንዴ ላይ ሳልመታ የበለዘ ቦታ ወጣ። አንድ ሌሊት ሽንቴ ቀይ ሆኖ አገኘሁትና እናቴን ቀሰቀስኳት። ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ታክሲ ፍለጋ ወጣች።

ድንገተኛ ክፍል አይኤንአሬ ሲለካ ከ10 በላይ ነው ተባለ። ራስ ምታት እንዳለኝ ደጋግመው ይጠይቁኝ ነበር፤ የሚፈሩት ጭንቅላቴ ውስጥ መድማትን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እናቴ «በቃ የሚያቆመውን መርፌ ስጧት» ትላለች። ማቆሚያው ቫይታሚን ኬ ነው፤ ግን እንደልብ የሚሰጥ አይደለም። ለሌላ ሰው የሚበቃው መጠን ለእኔ ሲበዛ ደሙ ቫልቩ ላይ ይረጋና ልቤን ወይም አንጎሌን ያጠቃል። ስለዚህ ዋርፋሪኑን አቁመው፣ ቫይታሚን ኬውን በጥቂቱ ሰጥተው፣ ፕላዝማ አስመጥተው በየሰዓቱ ይለኩኝ ጀመር። እየደማሁ፣ ደሜ ቶሎ እንዳይረጋ ደግሞ እየተጠበቅሁ ተኛሁ። የብረቱን ምት ከደረቴ ውስጥ እሰማለሁ፤ ምቱ የተለወጠ ሲመስለኝ ነርሷን እጠራለሁ። አንድም ጊዜ ሳትቆጣ መጥታ አዳምጣኛለች።

ምክንያቱን ያገኘችው አንዲት ፋርማሲስት ናት። አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብላ «እህቴ፣ በዚህ ወር አዲስ የጀመርሽው መድኃኒት አለ? ቅባትም ቢሆን፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን ንገሪኝ» አለችኝ። እናቴ ከቦርሳዬ የፍሉኮናዞሉን ማሸጊያ አወጣች። ልጅቷ አየችውና ሐኪሙን ጠራች።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ጉበት ውስጥ ዋርፋሪንን ሰባብሮ የሚያስወግድ ኢንዛይም አለ፤ ፍሉኮናዞል ያንን ኢንዛይም ያግደዋል። የወሰድኩት ዋርፋሪን ያው ሆኖ ሳለ መውጫ አጥቶ ደሜ ውስጥ ይጠራቀማል። ኪኒኑ ከቆመ በኋላም በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ከ30 ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ለአፍ ፈንገስ የሚቀባው የሚኮናዞል ጄልም ይህንኑ ያደርጋል፤ ቅባት ነው ብሎ መናቅ አይቻልም። ለቆረቆር የሚታዘዘው ግሪሶፉልቪን ደግሞ በተቃራኒው የዋርፋሪንን ኃይል ያዳክማል፣ እንደ እኔ ላለ ሰው ያኛውም አደጋ ነው።

ፍሉኮናዞል ክፉ መድኃኒት አይደለም። የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር የያዛቸው ብዙ ሰዎች በእሱ ተርፈዋል፤ ለዋርፋሪን ተጠቃሚም የግድ ሲያስፈልግ ይሰጣል። ግን ዋርፋሪኑ አስቀድሞ ይቀነሳል፣ አይኤንአር በቀናት ውስጥ ይለካል፣ ኪኒኑ ሲያበቃም እንደገና ይስተካከላል። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ደሙ ቆሞ ከሆስፒታል ስወጣ ዋርፋሪኔ ዝቅ ብሎ ተጀመረ፣ ፍሉኮናዞሉ ከሰውነቴ ሲወጣ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ጭርቱን በተርቢናፊን ቅባት ታከምኩት፤ ጊዜ ፈጀ እንጂ ዳነ።

አሁን ለአይኤንአር ወረፋ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠውን ሁሉ አዲስ ኪኒን ጀምሮ እንደሆነ እጠይቃለሁ። በቅርቡ አንዲት ወጣት «የፈንገስ ነው፣ ቀላል ነው» ብላ ፍሉኮናዞል አሳየችኝ። ተያይዘን ነርሷ ዘንድ ሄድን፤ ደሟ በዚያው ተለካ፣ ዋርፋሪኗም ሳትደማ ተቀነሰላት።