ፍጥነትና አደራ

ማታ ከሥራ ወይም ከትምህርት ተመልሰው ኮምፒዩተርዎን ከከፈቱ በኋላ ጨዋታው እስኪጀምር ድረስ አንድ ስኒ ቡና ጠጥተው ያውቁ ይሆናል። እኔ ይህን መጠበቅ ጠልቼ የሠራሁትን ስሕተት ልንገርዎ፤ ምናልባት ከገንዘብ የሚበልጥ ኪሳራ ያድንዎታል።

በቤቴ የነበረው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ነበር። ይህ እጅግ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን አንባቢው ክንድ ስፍራውን አግኝቶ፣ ሳሕኑም ዞሮ እስኪደርስለት ድረስ በአማካይ ከሰከንድ አንድ መቶኛ የሚበልጥ ጊዜ ያልፋል። አንድ ትልቅ ጨዋታ ደግሞ በየስፍራው የተበተነ ብዙ ነገር ስለሚያስነብብ፣ ይህች ኢምንት ጊዜ ተጠራቅማ ደቂቃ ትሆናለች።

ስለዚህ ከደመወዜ ለወራት ቆጥቤ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ገዛሁና ሬይድ ዜሮ በሚባለው ዘዴ አጣመርኋቸው። በዚህ ዘዴ ፋይሉ እየተከፋፈለ ከፊሉ በአንዱ፣ ከፊሉ በሌላው ላይ ይጻፋል፤ ሁለቱም ባንድነት ስለሚያነቡ ፍጥነቱ እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ዳሩ ግን አንዱ ከሞተ በሌላው ላይ የቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላስብ፣ ስልኬ ሞልቶ ነበርና የሟች አባቴን ፎቶግራፎችና የተቀረጸ ድምፁን ወደዚያው አዛውሬ ከስልኬ ደመሰስሁ።

በሰባተኛው ወር አንደኛው ዲስክ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር፤ በማግሥቱም ዝም አለ። ጨዋታዎቹን እንደ ገና ጫንኋቸው። የአባቴን ድምፅ ግን ከየት አምጥቼ ልጫን? እናቴ «እስቲ ያን ድምፅ አሰማኝ» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል፤ ለእኔ ግን የሚለቀምም አልተረፈኝም።

እንግዲህ ዛሬ የሚገዙ ከሆነ ምን ይምረጡ? ለኮምፒዩተሩ ሥርዓትና ለጨዋታዎችዎ ኤስ ኤስ ዲ ይግዙ፤ የሚሽከረከር ነገር የለውምና። ባለ 7,200 ዙሩ ዲስክ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ በሳታ የሚገናኘው ኤስ ኤስ ዲ እስከ 550፣ አራተኛው ትውልድ ኤን ቪ ኤም ኢ ደግሞ እስከ 7,000 ያነባል። ሆኖም ቁጥሩ አያታልልዎ። ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስ ኤስ ዲ ሲሻገሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ከሳታ ወደ ኤን ቪ ኤም ኢ ሲያልፉ ግን በብዙዎቹ ጨዋታዎች የሚያተርፉት ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የታመቀውን ፋይል መፍታት የፕሮሰሰሩ ሥራ ነውና። የሥዕሉም ፍሰት በይበልጥ የሚወሰነው በግራፊክስ ካርዱና በፕሮሰሰሩ እንጂ በዲስኩ አይደለም።

ከመግዛትዎ በፊት የማዘርቦርድዎን መመሪያ ይመልከቱ፤ ኤም ዶት ቱ በሚባለው ጠባብ ቅርጽ ሳታውም ኤን ቪ ኤም ኢውም ስለሚሠሩ፣ ማስገቢያው የትኛውን እንደሚቀበል ማወቅ ያስፈልጋል። ከ100 ጊጋባይት የሚበልጡ ጨዋታዎች ስላሉም፣ አቅም ከፈቀደ ባለ 1 ቴራባይቱ ይሻላል። አሮጌውንም ሃርድ ዲስክ አይጣሉት፤ ለግልባጭ ማስቀመጫ ይሆናል። ኤስ ኤስ ዲም ቢሆን ይሞታልና፣ ያውም ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ።

ዛሬ ጨዋታዬ ጀበናው ሳይጣድ ይከፈታል። የእናቴን ድምፅ ግን በሦስት ስፍራ አስቀምጫለሁ።